ጣሪያ ሥር ክፍል ማውጣት፦ ስንት ይፈጃል፣ ምን ያህል ይቆያል፣ ሥራው ላይ እያለ ቤቱ ውስጥ መኖርስ ይቻላል?

ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው በታች ያለውን ባዶ ቦታ ወደ መኖሪያ ክፍል ስለመቀየር ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። አብዛኞቹ ከቀለም፣ ከመስኮትና ከወለል ንጣፍ ይጀምራሉ። እኔ ግን ሁሌም ሌሎች ሦስት ነገሮችን አስቀድማለሁ፦ የጣሪያው አሠራር፣ ወለሉን የሚሸከመው እንጨትና ደረጃው። ወጪውም ጊዜውም የሚወሰነው በእነሱ ነው።

*ጣሪያችን ሾጣጣ ነው፤ ውስጡ ቆሜ መራመድ እችላለሁ። ክፍል ይወጣዋል ማለት ነው?*

ምልክቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዛሬ የቆሙበት ከፍታና ሥራው ሲያልቅ የሚቀርልዎት ከፍታ አንድ አይደሉም። ሜትር ይዘው ይግቡና ከኮርኒሱ ተሸካሚ እንጨት አናት እስከ ጣሪያው ጫፍ ድረስ ይለኩ። አዲሱ ወለል ከታች፣ የሙቀት መከላከያውና ጂፕሰም ቦርዱ ከላይ ሆነው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይወስዳሉ። ልኬቱ 2.2 ሜትር ካልሞላ ጣሪያውን ማንሳት ወይም የታችኛውን ኮርኒስ ዝቅ ማድረግ ሊጠይቅ ስለሚችል ወጪው ሌላ ይሆናል። 2.4 ሜትርና ከዚያ በላይ ካገኙ ተመችቶዎታል።

ቀጥሎ እንጨቱን ይመልከቱ። ወራጆቹ (የጣሪያውን ተዳፋት የሚሸከሙት እንጨቶች) ብቻቸውን ቆመው መሃሉ ክፍት ከሆነ ሥራው ቀለል ይላል። መሃሉ በተጠላለፉ ሰያፍ እንጨቶች የተሞላ ከሆነ ግን ጣሪያዎ በትረስ የተሠራ ነው። ከእነዚያ ሰያፍ እንጨቶች አንዱን እንኳ ያለ ስትራክቸራል መሐንዲስ ስሌት መቁረጥ ጣሪያውን ማፍረስ ነው። ማሻሻል ይቻላል፤ የብረት ቢም (አግድም ተሸካሚ) ስለሚገባበት ግን ወጪው በግልጽ ይጨምራል።

*ሦስት ኮንትራክተሮች ዋጋ ሰጡኝ። ትንሹና ትልቁ በእጥፍ ይለያያሉ። ማንን ልመን?*

ምናልባት ሦስቱም ያዩት ሥራ የተለያየ ነው። አንዱ መስኮትና ወለል ብቻ አስቦ ይሆናል፤ ሌላው ደረጃውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና ከታች የሚሰነጠቀውን ኮርኒስ ጥገና ጨምሮ ይሆናል። ዋጋ ከማወዳደርዎ በፊት መሐንዲስ ፕላኑን ያውጣልዎ፤ የሥራ ዝርዝርም ይዘጋጅ። ከዚያ ያንኑ ወረቀት ለሦስቱም ይስጡ፤ እያንዳንዱም በየመስመሩ ዋጋ ይሙላ። ያኔ ልዩነቱ የት እንዳለ በዓይንዎ ያዩታል።

ዋጋውን ከፍ የሚያደርጉትን ነገሮች ቀድመው ቢያውቁ ይረዳዎታል። ጣሪያውን ሳይነኩ በተዳፋቱ ላይ መስኮት መክፈት ርካሹ መንገድ ነው። ከጣሪያው ወጥቶ ቀጥ ብሎ የሚቆም መስኮት ማሠራት መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ቆመው የሚራመዱበትንም ቦታ ያሰፋልዎታል። የጣሪያውን ቅርጽ መለወጥ ከሁሉም ይከብዳል። መታጠቢያ ቤት ከተጨመረ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ።

የተሰጠዎት ዋጋ ምንም ያህል የተሟላ ቢመስል ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይያዙ። ጣሪያ ሲከፈት የበሰበሰ ወራጅ ወይም ያረጀ ሽቦ መገኘቱ የተለመደ ነው። ክፍያውንም በደረጃ ይከፋፍሉት፦ ቢሙና ወለሉ ሲያልቅ፣ ጣሪያው ሲዘጋ፣ ደረጃው ሲገባ፣ ፊኒሺንጉ ሲጠናቀቅ። ትልቅ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅዎትን ሰው እጠራጠራለሁ። እርስዎም ይጠራጠሩት።

*ያለው ኮርኒስ ላይ ጣውላ ብንደረድርበትስ? አዲስ ወለል ለምን ያስፈልጋል?*

እባክዎን አያድርጉት። የኮርኒስ እንጨት የተሠራው ኮርኒሱንና ጥቂት ዕቃ እንዲይዝ ነው። የመኖሪያ ክፍል ወለል ሲነደፍ ግን በየካሬ ሜትሩ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ግራም ይታሰባል። ስለዚህ ከአሮጌዎቹ ጎን ወፍራም ተሸካሚዎች ከግድግዳ ግድግዳ ይዘረጋሉ፤ ኮርኒሱንም አይነኩም። ይህ የማይታይ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚገባው እሱ ነው እላለሁ።

*ስንት ጊዜ ይፈጃል? ኮንትራክተሩ «አንድ ወር» ብሎኛል።*

መስኮት ብቻ የሚከፈትበት ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በተለምዶ ይበቃል፤ ስለዚህ አንድ ወር ማለቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ወጥቶ የሚቆም መስኮት ካለበት እስከ 8 ሳምንት፣ የጣሪያው ቅርጽ ከተለወጠ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ያስቡ። ይህ ሁሉ ግን ሠራተኛ ግቢዎ ከገባ በኋላ ያለው ነው። ፕላን ማውጣቱ፣ የመሐንዲስ ስሌቱና የግንባታ ፈቃዱ ከዚያ በፊት ወራት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ሰዎች የሚያዝኑት ይህን ሳይቆጥሩ ስለሚቀሩ ነው። የብረት ቢሙ፣ መስኮቱና ደረጃው በትእዛዝ የሚሠሩ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይታዘዙ። ክፍት ጣሪያ መስኮት እየጠበቀ ዝናብ ሲይዘው ኮርኒሱም የቤት ዕቃውም ይጎዳል። የሚዘንብበትን ወቅት ካወቁ፣ ጣሪያው የሚከፈተው ከዚያ ውጭ እንዲሆን ይዋዋሉ።

*እናቴ የአስም ሕመምተኛ ናት፤ አብራን ትኖራለች። ሥራው እስኪያልቅ ቤት መከራየት አለብን?*

ለሙሉው ጊዜ አይመስለኝም፤ ለተወሰኑ ቀናት ግን አዎ። ሥራው በደንብ ከተመራ ሠራተኞቹ የሚወጡት በውጭ በቆመ እስካፎልዲንግ ነው፤ ዕቃውም በዚያው ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤት ውስጥ የሚሰማዎት መዶሻና የእግር ኮቴ ነው። ኮርኒሱ ተፈንቅሎ ደረጃው የሚገባበት ቀን ግን የዓመታት አቧራ ይወርዳል። ያ ቀን መቼ እንደሆነ ፎርማኑን አስቀድመው ይጠይቁትና እናትዎን ከዚያ በፊት ዘመድ ቤት ይውሰዷቸው፤ ቤቱ በደንብ ተጠርጎ በእርጥብ ጨርቅ ከተወለወለ በኋላ ይመለሱ። ከታች ያሉት ክፍሎች በሮች በወፍራም ፕላስቲክ ይሸፈኑ። ውኃና መብራት የሚቋረጥባቸውን ቀናትም በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በተለይ ታንከሩ ጣሪያው ሥር ከተቀመጠ መነሳቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። ጣሪያዎ የቆየ የሲሚንቶ ቆርቆሮ ከሆነ አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ይችላል። ናሙናው ላቦራቶሪ ሳይታይ ማንም እንዳይሰብረው፣ እንዳይበሳው። ካለበት የሚያነሳው በዚህ የሠለጠነ ሰው ነው፤ በዚያን ጊዜ ማንኛችሁም ቤት ውስጥ መኖር የለባችሁም።

*መታጠቢያ ቤት ብጨምርበትስ?*

ከታችኛው መታጠቢያ ቤት ትክክል በላይ ከሆነ ደስ ይለኛል። የፍሳሽ ቧንቧ በየሜትሩ ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ስላለበት፣ ሩቅ ሲወሰድ ወለሉን ያስነሳል።

*ደረጃው ቦታ እንዳይበላብን ተነቃይ መሰላል አስበናል። የሚተኙበት ሁለቱ ልጆቻችን ናቸው።*

ለዕቃ ማስቀመጫ መሰላል ይበቃል፤ ልጆች ለሚተኙበት ክፍል ግን አይሆንም። እሳት ቢነሳ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልጆቹ ያሉትም እዚያው ነው። ቋሚ ደረጃ ከ2 እስከ 3 ካሬ ሜትር ቦታ ከታች ይወስድብዎታል፤ ይውሰድ። ከደረጃው በላይ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስለሚያስፈልግ፣ መድረሻው ጣሪያው ከፍ በሚልበት መሃል ላይ ቢሆን ይሻላል። በየፎቁ የጭስ ማስጠንቀቂያ ይተከል፤ አንዱ ሲጮህ ሁሉም እንዲጮሁ እርስ በርስ ይያያዙ። ከደረጃው እስከ ውጭ በር ያለው መተላለፊያም በወጥ ቤቱ ውስጥ አይለፍ። እነዚህን ፕላኑ ላይ ካላዩ መሐንዲሱ አስተካክሎ እንዲያመጣ ይመልሱለት።