የዘይት ማቀዝቀዣ በትንሽ ገንዘብ

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለኝ። በውድድር ሜዳ ከጥቂት ዙር በኋላ የዘይቱ ሙቀት 130 ዲግሪ ያልፋል። በርካሽ ማቀዝቀዣ ልግጠምለት?

መልስ፦ ይግጠሙ፤ ግን በቱቦው አይቆጥቡ። በተራ ፋሼታ የታሰረ የውሃ ጎማ በግፊት ይሾልክና ዘይቱ በሰከንዶች ያልቃል። ከፊልትሮው ሥር የሚገባው ማገናኛ (ጥርሱ 20 ሚሊ በ1.5 ነው) 80 ዲግሪ አካባቢ ከፍቶ ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚለቅ ቴርሞስታት ይኑረው፤ አለዚያ በከተማ መንገድ ዘይቱ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ እርጥበቱ አይተንም። ያገለገለ ማቀዝቀዣ ደግሞ፣ ከተበላሸ ሞተር የወጣ ከሆነ፣ በነጻ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ፦ በውስጡ የቀረው የብረት ብናኝ ታጥቦ አይወጣም።

የድሮው ፊልትሮ ማሸጊያ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን ይመልከቱ፤ ድርብ ጎማ ያፈስሳል። አስነስተው መጋጠሚያዎቹን ይፈትሹ። ቴርሞስታቱ እስኪከፍት ያሙቁት፣ ያጥፉና ዘይቱን ለክተው የጎደለውን ይሙሉ፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው።