የነሐሴው ውሃና የኅዳሩ ውሃ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በነሐሴና በኅዳር ከጣና ሐይቅ፣ ከአንድ ቦታ ውሃ ቀድቼ፣ በማጣሪያ ላይ የቀሩትን ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ አስመርምሬ ነበር። የነሐሴው ማጣሪያ ገና ጥቂት ውሃ ሲወርድበት ጭቃ ለብሶ ተዘጋብኝ፤ የኅዳሩ ደግሞ አረንጓዴ ሽፋን ይዞ ቀረ። ውጤቱን ሳየው የሁለት ሐይቆች መሰለኝ። የተሳሳትኩት ነገር ይኖር ይሆን? ካልተሳሳትኩስ፣ የጣናን ትክክለኛ ገጽታ የሚያሳየው የትኛው ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልን እንደተረዳነው ስህተት አልሠሩም፤ ሁለቱም ውጤቶች የጣና ናቸው። በአንድ ሚሊ ሊትር የሐይቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚራቡ፣ በዚያው ፍጥነትም በጥቃቅን አዳኝ ፍጥረታትና በቫይረሶች የሚያልቁ ስለሆኑ፣ በሦስት ወር ልዩነት የተቀዳ ውሃ አንድ ዓይነት ማኅበረሰብ ቢያሳይ ነበር የሚያስገርመው።

የመልሱን ግማሽ ማጣሪያዎ ራሱ ነግሮዎታል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በክረምት ከእርሻ መሬት ጠርገው የሚያመጡት ደለል ብርሃን ወደ ውሃው እንዳይዘልቅ ይጋርዳል። አልጌዎች ብርሃን ሲያጡ ይቀንሳሉ፤ ከአልጌዎች የሚወጣውን ስኳርና ሌላ ምግብ የሚጠብቁት ባክቴሪያዎችም አብረው ይመነምናሉ። በዚሁ ጊዜ ደግሞ በደለሉ ቅንጣት ላይ የተለጠፉ የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በጽሑፍዎ ውስጥ በግልጽ እንዲያነሡት የምመክርዎ ነጥብ ይህ ነው፦ የዲኤንኤ ምርመራ የሞተውን ከሕያው አይለይም፤ ከአፈር ከመጡት መካከልም ብዙዎቹ በሐይቅ ውሃ ኑሮ አይዘልቁም። ስለዚህ በነሐሴው ዝርዝርዎ ላይ የሰፈሩት ሁሉ የጣና ነዋሪዎች ናቸው ብሎ መደምደም አይቻልም። ወደፊት ውሃውን በቅድሚያ በ3 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ቀጥሎም በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ቢያሳልፉት፣ በደለል ላይ የተጣበቁትን በውሃው ውስጥ በነፃ ከሚንሳፈፉት በአብዛኛው ለይተው ያገኛሉ፤ የክረምቱ ማጣሪያም ቶሎ አይዘጋብዎትም።

ኅዳር ላይ ደለሉ ረግቷል፣ ብርሃን ተመልሷል፣ ወንዞቹ ያስገቡት ፎስፈረስና ናይትሮጅንም ገና አላለቀም። ይህ ለሳይኖባክቴሪያዎች፣ ማለትም እንደ ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን ለሚሠሩ ባክቴሪያዎች፣ የተመቸ ጊዜ ነው። በጣና ከተመዘገቡት አንዱ ማይክሮሲስቲስ ሲሆን፣ በሴሎቹ ውስጥ ባሉት በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ክፍሎች እየታገዘ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። አረንጓዴው ሽፋን የእርሱ ይሁን የሌላ በማይክሮስኮፕ ያረጋግጡ። አንዳንዶቹ የማይክሮሲስቲስ ዘሮች ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ፤ ውሃውን ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። ከሐይቁ ዳር ቀድተው ለሚጠጡ ሰዎች ይህ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ለውጡ ግን ያለ ሥርዓት የሚሆን አይደለም። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በማዲሰን ከተማ ዳር ካለው ሜንዶታ ሐይቅ ከ2000 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡ 471 ናሙናዎች ተመርምረው፣ አብዛኞቹ የባክቴሪያ ዝርያዎች በውስጣቸው ያሉትን የዘረመል ዓይነቶች ስብጥር ወቅት ጠብቀው እንደሚለውጡና በዓመቱ ወደዚያው እንደሚመለሱ ታይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን በብርዱ ወራት ሐይቁን የሚሸፍነው በረዶ ቀድሞ ቀለጠ፣ በጋውም ሞቃትና ደረቅ ሆነ፤ በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ላይ የዚያን ዓመት የዘረመል ለውጥ ከዓመታት በኋላም ጎልቶ ይታይ ነበር። ዑደቱን ከዘላቂው ለውጥ መለየት የተቻለው ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃ ስለተቀዳ ብቻ ነው።

የሜንዶታን የቀን መቁጠሪያ ግን ለጣና አይዋሱ። ሜንዶታ 25 ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው በጋ ላይ የላዩ ሞቃት ውሃ ከታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር መቀላቀል ያቆማል፣ ታችኛውም ኦክስጅን አጥቶ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ በመሆኑ ነፋስ በቀላሉ ያማስለዋል፤ ዓመቱን ከሁሉ በላይ የሚከፋፍለው ዝናቡ ነው። እንደ ቆቃ ባለ የግድብ ሐይቅ ላይ ቢሠሩ ደግሞ ቦታም ከወቅት እኩል ይከብዳል፤ አዋሽ በሚገባበት በኩል የሚያገኙት የወንዝ ማኅበረሰብ፣ ከግድቡ አጠገብ ካለው የረጋ ውሃ ማኅበረሰብ ይለያል።

እንግዲህ ሁለቱንም ውጤቶች እንዳሉ ያቅርቡ፤ በርእሱም ላይ «የጣና ባክቴሪያዎች» ከማለት ይልቅ ወራቱን ይጥቀሱ። ጊዜና አቅም ካገኙ በየወሩ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ጥልቀት፣ የውሃውን ሙቀት፣ ድፍርስነትና ኦክስጅን አብረው እየለኩ ይቅዱ። ከሁለቱ ማጣሪያዎች የተረፈ ቁራጭ በጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካለዎት ግን አደራዎን አይጣሉት፤ የሜንዶታው ምርመራ የተሠራው እንዲሁ ለዓመታት በብርድ ተጠብቀው ከቆዩ ማጣሪያዎች ነው።