የኒው ኦርሊንስ ጠዋቶች፦ ስለ ቁርስና ብራንች ከአንባቢያን የደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ለሥራ ስብሰባ ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ግዛት፣ ኒው ኦርሊንስ ከተማ እጓዛለሁ። የማርፈው ካናል ጎዳና አጠገብ ሲሆን ስብሰባው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ስለሚጀመር ከዓርብ እስከ እሑድ ሦስት ጠዋቶች በእጄ ናቸው። ከተማዋ በምግቧ የታወቀች መሆኗን ሰምቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ያገኘኋቸው የቁርስ ቤቶች ዝርዝሮች አንዱ ያመሰገነውን ሌላው ስለሚያጣጥለው ግራ ተጋብቻለሁ። የት ብበላ ይሻላል? ብራንች የሚሉትስ ከቁርስ በምን ይለያል?
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዝርዝሮቹ የሚጋጩት አዘጋጆቻቸው ስለተሳሳቱ አይመስለኝም፤ የኒው ኦርሊንስን ጠዋት እንደ አንድ ገበታ ስለሚቆጥሩት ነው። በዚያች ከተማ ማለዳ ላይ ቡናና በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ ይቀርባል፤ ረፋድ ላይ እንቁላልና ግሪትስ የሚባለው የበቆሎ ቅንጬ ይከተላል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቁርስንና ምሳን አንድ ላይ አጣምሮ፣ ሙዚቃና መጠጥ ጨምሮ፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚፈጀው ብራንች አለ። ስለዚህ አንዱን ቤት ከሌላው ከማወዳደር ይልቅ ለየሰዓቱ የሚስማማውን ቤት መምረጥ ይበጃል። በዚህ ዓምድ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በምክንያት ነው፤ በመጀመሪያ ጉዞዬ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጠረጴዛ ለማስያዝ ስልክ ደውዬ በእንግሊዝኛም ያንኑ «አራት» የሚለውን ቁጥር ስለጠራሁ፣ የምግብ ቤቱ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤታቸው ከተዘጋ እንደሚቆይ በትሕትና አስረድታኛለች።

የመጀመሪያውን ጠዋት ለካፌ ዱ ሞንድ ይስጡት። ፍሬንች ኳርተር በሚባለው የከተማዋ አሮጌ ሰፈር፣ ከጃክሰን አደባባይ ፊት ለፊት፣ በዲኬተር ጎዳና ላይ የሚገኘው ይህ አረንጓዴና ነጭ ሸራ የተወጠረበት ቤት ከ1862 ጀምሮ ይታወቃል። ዋነኛ ምግቡ ቤኜ ነው። ቤኜን ቀዳዳ የሌለው አራት ማዕዘን ቦምቦሊኖ ብለው ቢያስቡት ብዙም አይሳሳቱም፤ የሉዊዚያና ግዛትም በ1986 የግዛቲቱ ይፋዊ ዶናት ብላዋለች። ሦስት ሦስት ሆኖ በትንሽ ሳህን ይመጣል፤ በላዩ ላይ የሚከመረው የላመ ነጭ ስኳር ከመብዛቱ የተነሣ ሊጡ ራሱ አይታይም። ሲቆርሱት ውስጡ ክፍት ሆኖ እንፋሎት ይወጣዋል፣ ጠርዙ በትንሹ ይንኮሻኮሻል፣ መሐሉ ይለጠጣል። እየነከሱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ አይሳቡ፤ ስኳሩ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ያስላል። ለስብሰባ የለበሱት ጥቁር ሱፍ ከሆነም ከቁርሱ በኋላ ቢለብሱት ይሻላል።

ስለ ቡናው አስቀድመው ይዘጋጁ፤ እኛ ቡና የምንለው አይደለም። ቺኮሪ የሚባል ተክል ሥር ተቆልቶና ተፈጭቶ ይቀላቀልበታል። ልማዱ ከፈረንሳይ የመጣ ሲሆን፣ ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ባሕር ኃይል ወደቡን ዘግቶ ቡና በጠፋ ጊዜ ያለችውን ጥቂት ቡና ለማብቃቃት ይበልጥ ተስፋፋ፤ ጦርነቱ አልፎ ቡና ሲመለስም ሕዝቡ ጣዕሙን ለምዶት ስለነበር ቀረ። ጥቁሩን ለብቻው ቀምሰው ከይርጋጨፌ ወይም ከሐረር ቡና ጋር ካወዳደሩት ያዝናሉ። ግማሹ ትኩስ ወተት የሆነውን፣ ካፌ ኦ ሌ የሚሉትን፣ ከቤኜው ጋር ቢጠጡት ግን ምሬቱና የስኳሩ ጣፋጭነት ሲገናኙ የከተማው ሰው ለምን እንደሚወደው ይገባዎታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ከደረሱ ወረፋው ቀላል ነው፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ግን ሰልፉ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ሰልፍ የሚሰለችዎት ከሆነ በ1870 የተመሠረተውና ዛሬ ከቱሪስቶች ሰፈር ርቆ የሚገኘው ሞርኒንግ ኮል ተመሳሳይ ምግብ ያቀርባል፤ እዚያ ስኳሩን የሚነሰንሱት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

የቅዳሜውን ረፋድ በተመለከተ አስተያየቴን ሳልሸፋፍን ልንገርዎ፤ አንድ ጠዋት ብቻ ቢኖረኝ የምሄደው ወደ ዝነኛዎቹ ቤቶች ሳይሆን ወደ ካሚሊያ ግሪል ነበር። ከካናል ጎዳና በሴንት ቻርልስ መስመር ትራም ይሳፈሩ፤ መስመሩ ከ1835 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን የአንድ ጉዞ ክፍያ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ትራሙ በትልልቅ የኦክ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በአሮጌ ባለጸጎች ቤቶች መካከል ዝግ ብሎ ይሄድና ሚሲሲፒ ወንዝ ከሚታጠፍበት አካባቢ ሲደርስ ወደ ካሮልተን ጎዳና ይዞራል። እዚያው ነጭ ዓምዶች ያሉት ትንሽ ቤት ያያሉ። ካሚሊያ ግሪል በ1946 የተከፈተ ሲሆን ጠረጴዛ የሚባል የለውም፤ ሁሉም ሰው የሚቀመጠው በተጣጠፈው ረጅም ባንኮኒ ዙሪያ በተደረደሩት ከፍ ያሉ መቀመጫዎች ላይ ነው። ነጭ ኮት የለበሱት አስተናጋጆች ትእዛዙን ለምግብ አብሳዩ ጮክ ብለው ይጣራሉ፣ ከደንበኛው ጋር ይቀልዳሉ፤ እንቁላሉም አረፋ እስኪሆን ከተመታ በኋላ ብረቱ ላይ ሲፈስስ ትራስ የሚያህል ኦምሌት ይወጣዋል። ከዚያ በኋላ ቦታ ካለዎት ፒካን በሚባለው ለውዝ መሰል ፍሬ የተሠራውን ፓይ በዚያው ብረት ላይ አሙቀው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ይህ ቤት ለከተማው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል፤ ከ2005ቱ ካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ እስከ 2007 ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ነዋሪዎች እንዲከፈት የሚማጸኑ ትንንሽ ወረቀቶችን በሩ ላይ ይለጥፉ ነበር።

ወደዚያ ለመሄድ ጊዜ ካጠረዎት ከሆቴልዎ በእግር የሚደረሰው፣ በ1938 የተከፈተው ማዘርስ በፖይድራስ ጎዳና ላይ አለ። በባንኮኒ ተሰልፈው ያዝዛሉ። እዚያ ዴብሪ የሚባለውን በግሪትስ ይዘዙ፤ ዴብሪ የበሬ ጥብስ በምድጃ ውስጥ ሲበስል ከሥጋው እየተፈረፈረ ወደ መረቁ የሚወድቀው ልቃሚ ነው። ግሪትስ ደግሞ ከተሸረከተ ነጭ በቆሎ የሚሠራ ቅንጬ ነው ብል ማንም አይከራከረኝም። የእኛን ምላስ በቶሎ የሚያገኘው የዚያ አገር ቁርስ ግን ግሪያድ ነው፤ በስሱ የተቆረጠ የጥጃ ወይም የበሬ ሥጋ በሽንኩርት፣ በሴለሪ፣ በፈረንጅ ቃሪያና በቲማቲም ለረጅም ጊዜ በስሎ በግሪትስ ላይ ይፈስሳል። በርበሬው ቀርቶበት እንጂ ወጥ ነው። ወጥን በጠዋት መብላት ለብዙ ጎብኚ ቢከብድም ለእኛ አይከብድምና ሜኑው ላይ ካዩት አይለፉት።

እሑድ ለብራንች ይሁን። የጃዝ ብራንች የሚባለው ልማድ በ1970ዎቹ በስፋት የታወቀው የብሬናን ቤተሰብ በሚያስተዳድረው በኮማንደርስ ፓላስ ነው። ቤቱ በጋርደን ዲስትሪክት የሚገኝ፣ ከሩቅ የሚለይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ ሙዚቀኞቹ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተዘዋወሩ ይጫወታሉ፣ የጠየቋቸውንም ዜማ ያሰማሉ። የኤሊ ሾርባው ዝነኛ ቢሆንም እኔ ደፍሬ አልቀመስኩትም። ከሳምንታት በፊት ቦታ ያስይዙ፤ በቁምጣና በቲሸርት እንደማያስገቡም ይወቁ። ቦታ ካጡ በሮያል ጎዳና ላይ ያለው ሮዝ ቀለም የተቀባው ብሬናንስ ከቅዳሜና እሑድ ውጭም ቁርስ ስለሚያቀርብ ለዓርብ ሊቀይሩት ይችላሉ። እዚያ ሙዝ በቅቤ፣ በቡናማ ስኳርና በቀረፋ ከጠበሱ በኋላ ሮም የሚባለውን የአልኮል መጠጥ አፍስሰውበት ፊትዎ በእሳት ያነድዱታል፤ ባናናስ ፎስተር ይባላል። በ1951 የተፈጠረ ሲሆን መነሻውም ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው ሙዝ በብዛት የሚራገፈው በዚህች ከተማ ወደብ ስለነበረ ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ በሜኑው ላይ ካዩት ዋጋ ሌላ 10 በመቶ ገደማ የሽያጭ ታክስ ይጨመርበታል፤ ለአስተናጋጁም ከ18 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መተው የተለመደ ነው። አስተናጋጆቹ የሚተዳደሩት በአብዛኛው በዚሁ ጉርሻ ስለሆነ እንደ ተጨማሪ ቸርነት አይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ እኔና ወንድሜ ተከራከርን። እሱ ብራንች የተጀመረው በኒው ኦርሊንስ ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ የእንግሊዞች ነው ብዬ አንብቤያለሁ። ማን ትክክል ነው?
ታናሽ እኅት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። ቃሉ የእንግሊዝ ነው፤ ጋይ ቤሪንገር የተባለ ጸሐፊ በ1895 ባወጣው መጣጥፍ ቅዳሜ ማታ ያመሸ ሰው እሑድ ማልዶ ከሚነሣ ይልቅ ቁርስንና ምሳን አንድ አድርጎ አርፍዶ ቢበላ እንደሚሻል ተከራክሯል። ምግቡ ግን ከዚያ በፊት በኒው ኦርሊንስ ነበረ። ኤሊዛቤት ኬትንሪንግ የተባለች ከጀርመን የመጣች ሴት ከፍሬንች ማርኬት ፊት ለፊት ምግብ ቤት ነበራት፤ ሁለተኛ ባሏን ሂፖሊት ቤጌን ካገባች በኋላ ማዳም ቤጌ በመባል ታወቀች። ደንበኞቿ የገበያው ልኳንዳ ነጋዴዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሥራ የሚጀምሩት ሳይነጋ፣ ቡናና ቁራሽ ዳቦ ብቻ ቀምሰው ስለነበር፣ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ገበያው ሲቀዘቅዝ ርሃብ ይጠናባቸዋል። እሷም በዚያ ሰዓት «ሁለተኛ ቁርስ» ብላ ጉበት፣ ጨጓራ፣ ኦምሌትና ወይን እያከታተለች ታቀርብላቸው ነበር፤ ዱለት ለሚያውቅ አንባቢ ሥጋ ሻጭ በዚያ ሰዓት ጉበትና ጨጓራ የሚመርጥበትን ምክንያት ማስረዳት አያስፈልግም። ከ1884 እስከ 1885 በከተማው የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጥጥ ኤግዚቢሽን ጎብኚዎችን ሲያመጣ ዝናዋ ወጣ፤ ቀስ በቀስም ልኳንዳ ነጋዴዎቹ ለእንግዶች ቦታ ለቀቁ። ማዳም ቤጌ በ1906 አረፈች። ለወንድምዎ እንግዲህ ስሙን ሳይሆን ሰዓቱን እንዳሸነፈ ይንገሩት።

ከእርሷ የሚቀድም ሌላ የጠዋት ምግብም ነበር፤ ካላ የሚባል ከበሰለ ሩዝ የሚጠበስ ጣፋጭ ኳስ። ጥቁር ሴቶች በቅርጫት ተሸክመው «ቤል ካላ፣ ቱ ሾ» እያሉ፣ ማለትም ቆንጆ ካላ፣ ትኩስ ነው እያሉ፣ በየመንገዱ ይሸጡት ነበር። ከተማዋ በስፔን እጅ በነበረችበት ዘመን ሕጉ ባሪያ ራሱን ዋጅቶ ነፃ እንዲወጣ ይፈቅድ ስለነበር፣ በዚህ ሽያጭ ባጠራቀሙት ገንዘብ ነፃነታቸውን የገዙ ሴቶች አሉ። ዛሬ በጥቂት ሜኑዎች ላይ ብቻ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ልጄን ለመጠየቅ ኒው ኦርሊንስ የምሄደው በጾም ወቅት ነው። አሳማም አልበላም። እዚያ የምቀምሰው ነገር ይኖር ይሆን?
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እናታችን፣ ይኖራል፤ ግን አጠያየቅ ይፈልጋል። ኒው ኦርሊንስ የካቶሊኮች ከተማ ስለሆነች አስተናጋጁ «ጾም ነኝ» ሲሉት የሚረዳ ይመስልዎታል፤ ይሁንና በእነሱ ሥርዓት ጾም ማለት በዐቢይ ጾም ዓርብ ሥጋ መተው በመሆኑ ሽሪምፕ በቅቤ አድርጎ በደስታ ያመጣልዎታል። ስለዚህ ልጅዎ «ቪጋን» የሚለውን ቃል ትጠቀም፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላልም እንደማይገባ ለይታ ትንገራቸው። ግሪትስ በውኃ ብቻ ተቀቅሎ ያለ ቅቤ እንዲመጣ ማዘዝ ይቻላል፤ ሆኖም ብዙ ቤቶች ማልደው በወተት ወይም በክሬም አብስለው ስለሚያቆዩት አዲስ ይሠሩልዎት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤኜ ሊጡ ወተትና እንቁላል ስላለበት ለፍስክ ይቆይ። የቺኮሪውን ቡና ጥቁሩን ይጠጡ።

አሳማው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ተደብቆ ይገባል። አንዱዊ የሚባለው ቋሊማ፣ ታሶ የሚባለው ቅመም የገባበት ሥጋ፣ ቡዳን የሚባለው ሩዝ የተሞላ ቋሊማ በተለምዶ የአሳማ ናቸው። ቀይ ባቄላቸው በአሳማ አጥንት ይበስላል፣ ቢስኪት የሚሉት ለስላሳ ዳቦ አንዳንዴ በአሳማ ስብ ይለወሳል፤ ግሪያድም ጥጃና በሬ ብቻ ላይሆን ይችላል። «ሥጋ አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በምን ስብ እንደተጠበሰ፣ በምን መረቅ እንደበሰለ ልጅዎ ትጠይቅልዎ።