ኖርማላይዜሽን ሸምድዶ ቴብል መንደፍ ለምን ያቅታል?

እህቴ፣ የኖርማል ፎርሞቹን (ኖርማላይዜሽን ማለትም ዳታን ሳይደጋገም በቴብሎች የመከፋፈል ደንቦቹን) ትርጉም በቃልሽ እያወቅሽ ፕሮጀክትሽ ስንት ቴብል እንደሚያስፈልገው መወሰን እንዳቃተሽ ጽፈሻል። ላብ ላይ ሁሌ የማየው ነገር ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ በ1970 (በፈረንጆች) ሪሌሽናል ሞዴሉን፣ ማለትም ዳታን በቴብሎች የማስቀመጥ ሐሳቡን፣ ሲያቀርብ የሚያስቸግረው ነገር ነበር፤ የዳታው አቀማመጥ በተቀየረ ቁጥር ፕሮግራሙ ይበላሽ ነበር። እኛ ግን ችግሩን ሳናይ መፍትሔውን እንሸመድዳለን።

እኔ ተማሪዎችን የማስጀምረው በእድር መዝገብ ነው። አብዛኛው መጀመሪያ የሚሠራው አንድ ሰፊ ቴብል ነው፦ ስም፣ ስልክ፣ ልጅ 1፣ ልጅ 2፣ ልጅ 3፣ ከዚያ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ እስከ ነሐሴ። ኤክሴል ላይ ያምራል። እስቲ አሁን ጠይቂው። አራተኛ ልጅ የወለደ አባል የት ይግባ? አዲስ ዓመት ሲመጣ ሌላ 12 ኮለም ልትጨምሪ ነው? የሦስት ወር ውዝፍ ያለበትን ለማውጣትስ? እዚህ ስትደርሺ ክፍያ የራሱ ቴብል እንደሚፈልግ ማንም ሊነግርሽ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍያ አንድ ረድፍ፦ የአባል ቁጥር፣ ዓመት፣ ወር፣ ብር፣ የተከፈለበት ቀን። ልጆቹም እንደዚያው። ሃንድአውትሽ ላይ «ሪፒቲንግ ግሩፕ» ተብሎ ያለፈው ይኸው ነው። የአባሉን ስልክ ክፍያው ረድፍ ላይ ብትደግሚው ደግሞ፣ ስልክ በቀየረ ቁጥር የስንት ወር ረድፍ ስታርሚ ትውያለሽ፤ ሰከንድ ኖርማል ፎርም የመጣው ለዚህ ነው።

ከዩቲዩብ ቱቶሪያል «ፈርስት ኔም፣ ላስት ኔም» ብለሽ እንዳትቀጂ። የእኛ የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስላልሆነ ባልና ሚስትን በእሱ ማገናኘት አይቻልም። ስምን ፕራይመሪ ኪይ (አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለይ መለያ) ማድረግማ አይታሰብም፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ብለው ሦስት ጸሐፊዎች ቢመዘግቡት ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። ቀንም እንዲሁ ያስቸግራል፦ ጥቅምት 30ን «ወር 2፣ ቀን 30» ብለሽ ዴት ኮለም ውስጥ ብታስገቢ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ይመልስብሻል፣ ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም። በፈረንጆች አስቀምጪና ስታሳዪ ወደ እኛ ቀይሪ። መዋጮው የሚመለከተውን ወር ግን በተራ ቁጥር ያዢው።

ኢአር ዲያግራም (ቴብሎቹና ግንኙነታቸው የሚታይበትን ሥዕል) ከመሣልሽ በፊት ሲስተምሽን የሚጠቀሙት ሰዎች የሚጠይቁትን ጥያቄ ወረቀት ላይ ዘርዝሪ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱን ከየትኛው ረድፍ እንደምታገኚ በጣትሽ ማሳየት ካልቻልሽ ቴብሉ ገና ነው። ዝርዝሩን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን፤ ዲያግራሙ ይቆይ።