ከሳይነስ ቀዶ ሕክምና በኋላ አፍንጫዬ በጠባሳ እንዳይዘጋ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ሱሉልታ ነው። ለዓመታት ያሠቃየኝ ሳይነስ በመድኃኒት ስላልተሻለኝ ቀዶ ሕክምና ታዞልኛል። ታላቅ እህቴ ይህንኑ ተደርጎላት አፍንጫዋ በጠባሳ ተመልሶ ስለተዘጋ ፈርቻለሁ። ይህን መከላከል ይቻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ዛሬ አብዛኛው የሳይነስ ቀዶ ሕክምና የሚከናወነው ኢንዶስኮፕ በተባለ ቀጭን መመልከቻ በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል በመሆኑ ፊት ላይ የሚቀር ምልክት የለም፤ እህትዎን የገጠማቸው ጠባሳ ግን ውስጥ ለውስጥ የሚፈጠር ነው። የበርካታ ሳይነሶች (በፊት አጥንቶች ውስጥ ያሉ አየር የያዙ ክፍተቶች) መውጫ የሚገኘው መካከለኛው ተርባይኔት በሚባለው ስስ አጥንትና በአፍንጫው የጎን ግድግዳ መካከል ባለ ጠባብ ክፍተት ሲሆን፣ የሁለቱም ሽፋን ፊት ለፊት ከተላጠ ቁስል ከቁስል ተገናኝቶ ይጣበቃል፣ መውጫውም ይደፈናል።

ስለዚህ የሐኪሙ ዋነኛ ጥንቃቄ ጤነኛውን ሽፋን አለመላጥ ነው። የታመመው ክፍል እየተጎተተ ሳይሆን በስለት እየተቆረጠ ይወጣል፤ ተርባይኔቱ ከላላም በሚሟሟ ክር ከመሐለኛው ግድግዳ ጋር ይሰፋል፣ ወይም ክፍተቱ ውስጥ ለጥቂት ቀናት መለያያ ይቀመጣል። ስቴሮይድ የተባለውን እብጠት ቀናሽ መድኃኒት ቀስ በቀስ የሚለቅ፣ ስቴንት የሚባል ትንሽ መደገፊያም አለ፤ እሱ አልተገኘም ብለው ግን ሕክምናውን እንዲያዘገዩ አልመክርም።

አጥብቄ የምለምንዎ ከቀዶው በኋላ ያሉትን ቀጠሮዎች እንዳያጓድሉ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ መተንፈስም ችያለሁ ብለው የሚቀሩ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የሚዘረጋው ነገር እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ስለሆነ በሐኪሙ መምጠጫ መሣሪያ ጫፍ ሲነካ ይለያያል፤ ከወራት በኋላ ግን ጠንክሮ መቀስ ይጠይቃል።

ቤትዎ ሆነው ሐኪሙ በፈቀደልዎ ቀን ጀምሮ አፍንጫዎን በጨው ውሃ ይጠቡ። ያልፈላ ውሃ፣ የቧንቧም ቢሆን፣ ፈጽሞ አይጠቀሙ። በእናንተ አካባቢ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ይንተክተክና ይቀዝቅዝ። እስኪፈቀድልዎ ድረስ አይናፈጡ፤ ከማገዶና ከዕጣን ጭስም ይራቁ። የማይቆም ደም፣ የዕይታ ለውጥ፣ ወይም ከአፍንጫ የሚንጠባጠብ ጥርት ያለ ውሃ ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

እህትዎም በአንገት በላይ ስፔሻሊስት በኢንዶስኮፕ ይታዩ፤ አፍንጫቸውን የዘጋው ጠባሳ ሳይሆን ተመልሶ ያደገ ፖሊፕ (በአፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ለስላሳ እብጠት) ሊሆን ይችላል፣ ጠባሳም ከሆነ ብዙ ጊዜ ሊለያይ የሚችል ነው።