በረዶ ልታጠኑ ላሰባችሁ ልጆች

የዋልታ በረዶ ጥናት ውስጥ ለመግባት የምታስቡ ልጆች በብዛት የምትጠይቁኝ «አንታርክቲካ ስንት በረዶ አጣች?» ብላችሁ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ቁጥር ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ሌላ ነው፤ መሣሪያው የለካው ምኑን ነው?

አይስሳት-2ን እንውሰድ። በ2018 የመጠቀች ሳተላይት ናት (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በሰከንድ 10,000 ጊዜ አረንጓዴ ሌዘር ወደ ታች ትለቃለች፤ ብርሃኑ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ትይዛለች። ከዚህ የሚገኘው ከፍታ ነው። በቃ፣ ከፍታ ብቻ! ከፍታ ቀነሰ ማለት ደግሞ በረዶ ጠፋ ማለት ላይሆን ይችላል። አዲስ የወረደ ብናኝ በረዶ አየር የሞላበት ነው። በላዩ ሌላ ሲከመርበት እየተጠቀጠቀ ይሄዳል። አንዲት ግራም ሳትጎድል ላዩ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ያ የላይኛው ንብርብር ምን ያህል እንደተጠቀጠቀ መታወቅ አለበት። ለዚህ ደግሞ ሰው እዚያው ብርዱ ውስጥ ቆሞ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ከየጥልቀቱ በረዶ ቆርጦ ይመዝናል። ሳተላይት ይህን ሥራ አላስቀረውም።

ግሬስ የሚባሉት መንትያ ሳተላይቶች ከ2002 እስከ 2017 በሌላ መንገድ ሠርተዋል። 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ይከታተላሉ። ብዙ በረዶ ያለበት ቦታ ስበቱ ስለሚበረታ ፊተኛዋን ቀድሞ ይስባታል፤ ርቀታቸውም ከሚሊሜትር እጅግ ባነሰ መጠን ይለወጣል። የሚለካው ያ ነው። በረዶውን ሚዛን ላይ እንደ ማውጣት በሉት። ችግሩ ሚዛኑ አለቱንም አብሮ ይመዝናል። ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን ወዲህ ሸክሙ የቀለለለት መሬት ዛሬም ቀስ እያለ ወደ ላይ እየተነሳ ነው። ያንን ካልቀነሳችሁ ሒሳቡ ይበላሻል።

ሦስተኛው መንገድ የወረደውን በረዶ አስልቶ ወደ ባሕር የሚፈሰውን መቀነስ ነው። ለዚህ የበረዶው ፍጥነትና ውፍረት ያስፈልጋል። ውፍረቱን የሚነግረን ራዳር ነው። በነገራችን ላይ፣ የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያ ሬዲዮ በረዶ ላይ ሲደርስ የተሳሳተ ንባብ ይሰጥ ነበር፤ ሞገዱ በረዶውን ሰርስሮ ስለሚያልፍ። ለአብራሪው አደገኛ የሆነው ነገር ለአጥኚዎች መሣሪያ ሆነ። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ሦስቱንም መንገዶች አንድ ላይ አስተያይቷል። ውጤቱ፣ ከ1992 እስከ 2017 አንታርክቲካ ወደ 2,720 ቢሊዮን ቶን አጥታለች፤ ሲደመር ሲቀነስ 1,390፤ ማለትም ግምቱ በዚህ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት ይችላል። ሰው የሚይዘው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። እናንተ ሁለተኛው ላይ ቆም በሉ። ምሥራቅ አንታርክቲካማ በዓመት 5 ቢሊዮን ቶን ጨምራለች፣ ሲደመር ሲቀነስ 46 ነው የተባለው። ጨመረች ወይስ ቀነሰች? ከዚህ ቁጥር መልስ አታገኙም። ጎበዝ ተማሪ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ስታቲስቲክስ ተማሩ፣ ኮድ መጻፍ ልመዱ። የአይስሳት-2 መረጃ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። አንታርክቲካ ውስጥ ባለው በትዌይትስ የበረዶ ግግር ላይ ያለፈችባትን አንዲት መስመር አውርዱና የሁለት ዓመት ልዩነቷን ራሳችሁ አስሉ። ከዚያ ልዩነቱ ስንቱ የበረዶ መጥፋት፣ ስንቱ መጠቅጠቅ እንደሆነ ጻፉልኝ፤ እንከራከርበታለን።