ስለ ድሮ ሳንቲምና ስለ 70 ግሬድ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ሰሞኑን በውስጥ መስመር "70 ግሬድ፣ ማለትም የመጨረሻውን የጥራት ደረጃ ያገኘ የምኒልክ ብር አለ ወይ" የሚለኝ ስለበዛ እዚሁ በአንዴ እንጨርሰው። ከሁሉ በፊት ግን ሳንቲም አትጠቡ።

የፒያሳው፦ ጋሼ 70 ከመቶ ነው እንዴ?

መልስ፦ ከ70 ነው። ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ለድሮ የመዳብ ሳንቲሞቻቸው ያወጣው መለኪያ ነው፣ ዛሬ ሳንቲም መርምረው ግሬድ የሚሰጡት የአሜሪካ ድርጅቶች ፒሲጂኤስና ኤንጂሲም በሱ ነው የሚሰሩት። ከ60 ጀምሮ ያለው ማንም ያልተገበያየበት፣ 70 ደግሞ በአምስት እጥፍ ማጉያ አይተውት እንከን ያጡበት።

ሳሚ ዲሲ፦ ታዲያ ለድሮዎቹ ሳንቲሞች 70 ለምን አይሰጡም? ስስት አይደለም?

መልስ፦ ስስት አይደለም ወንድሜ፣ አመራረቱ ነው። የአሜሪካኖቹን የድሮ የብር ሳንቲም ሞርጋን ዶላርን እንይ፣ ከ1878 እስከ 1904 ከዛ በ1921 እንደገና የተመታው። 26.73 ግራም ነው፣ ለሳንቲም ከባድ ነው። ማሽኑ መትቶ ሲተፋው በጓንት የሚቀበለው የለም፣ ጓደኞቹ ላይ ይወድቃል፣ ይቆጠራል፣ ሺህ ሺህ እየሆነ ከረጢት ይገባል፣ ከረጢቱ ተወርውሮ ካዝና ውስጥ ይከመራል። ብር ለስላሳ ነው፣ የአንዱ ጠርዝ የሌላውን ፊት ይፍቀዋል። መብራት ስር ዘንበል አድርገህ ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ ጉንጭ እይ፣ እዛ የምታገኛት አጭር ጭረት የከረጢት ናት፣ ማንም ሳይገዛበት በፊት 63 ወይ 64 ሆኖ አልቆለታል ማለት ነው። 67 ካገኘህ እልል በል። በ2021 18.9 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የ1933ቱ የ20 ዶላር ወርቅ እንኳ 65 ነው! አሁን ለሰብሳቢ የሚመቱት ግን አንድ በአንድ ስለሚያዙ 70 እንደ ጉድ ያገኛሉ።

ሄለን፦ የአያቴ ብር አለኝ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ የቱ ብር? ፎቶ፣ ሁለቱም ገጽ።

ቶሚ፦ ጋሼ 1780 የሚል ጠገራ 70 ግሬድ ያለው እየሸጡልኝ ነው፣ ልግዛ?

መልስ፦ ጠገራው ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው፣ ቪየና አሁንም ትመታዋለች፣ ጣሊያንም ለኛ አገር ብሎ ሮም መትቶታል። 70 ያገኘ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ምት ነው፣ በዛ ዋጋ ግዛው፣ የ240 ዓመት ዕቃ ብለህ ግን እንዳትከፍል።

አባ መላ፦ ለዚህ እኮ ነው ከጠገራው የምኒልኩ የሚሻለው።

ቶሚ፦ ኧረ ባክህ፣ ገበሬው እኮ የምኒልኩን አልቀበልም ብሎ ጠገራዋ ላይ የተቀረጸውን የንግሥቲቱን ዕንቁ እየቆጠረ ነበር የሚገበያየው።

አባ መላ፦ በገበያ መመረጥና በታሪክ መክበር አንድ ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ሌላ ቦታ ተከራከሩ። የምኒልክ ብርም ፓሪስ ተመትቶ ረጅም መንገድ በባህርና በበቅሎ የመጣ ነው፣ 28.075 ግራም፣ እሱም እርስ በርሱ ሲጋጭ ነው የመጣው። እዚህ ከደረሰ ደግሞ ግማሹ ተበስቶ አንገት ላይ ዋለ፣ ግማሹ በአመድና በሎሚ ተፈተገ።

ሚኪ፦ በኮልጌት ባጸዳው ግሬዱ ይጨምራል?

መልስ፦ ምን ብዬ ነው የጀመርኩት? የታጠበ ሳንቲም ቁጥርም አይሰጡትም፣ "ተጠርጓል" ብለው ይመልሱልሃል፣ የላክበትም ገንዘብ ቀለጠ።

ሄለን፦ ፎቶ ልኬያለሁ ጋሼ፣ 1889 ነው የሚለው።

መልስ፦ በኛ አቆጣጠር ነው። አንበሳው ግራ እጁን አንስቷል፣ ደህና ነው። ከላይ ያለው የብየዳ ምልክት ግን ዋጋውን ጎድቶታል፣ አትሽጪው። አትጠቢውም።